ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የአገር ወሰን

አንድ መንግሥት ሕዝብ፣ ሥልጣንና ተለይቶ የታወቀ መሬት ሊኖረው ይገባል። ከሦስቱ መካከል መሬቱ የሚያበቃበትን ስፍራ መወሰን ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ብዙ ደም ያፈሰሰው ይኸው ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ይህን ጥያቄ በደብዳቤ፣ በካርታና በውል ለመመለስ ከቀደሙት ነገሥታት ሁሉ ይልቅ የደከሙት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ በአንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ ገና ልጅ የነበሩት አልጋ ወራሽ ተማርከው መቅደላ አደጉ፤ በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው የአባታቸውን የንጉሥ ኃይለ መለኮትን አልጋ ያዙ። በዚያን ዘመን ግዛት የሚታወቀው በመሥመር ሳይሆን በግብር ነበር። የሚገብር አገር የንጉሡ ነው፤ ግብሩ ሲቋረጥ ወሰኑም አብሮ ይሸሻል። በሁለት ኃይሎች መካከል የሚገኘውም ምድር ጠረፍ ይባል ነበር እንጂ ችካል አልነበረበትም።

ይህ ልማድ ከሌላ ልማድ ጋር የተጋጨው በ1877 ዓ.ም. ነው። የአውሮፓ መንግሥታት በበርሊን ተሰብስበው በአፍሪካ ጠረፍ ላይ መሬት የሚያዝበትን ሥርዓት ሲደነግጉ ኢትዮጵያ አልተጠራችም፤ በዚያው ዓመት ኢጣልያ ምጽዋን ያዘች። ምኒልክም በበኩላቸው ግዛታቸውን ያሰፉ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ሐረርን፣ በ1887 ዓ.ም. ወላይታን በጦር ኃይል ያዙ። የአውሮፓም መንግሥታት ሆኑ ንጉሠ ነገሥቱ የየምድሩን ነዋሪ ሕዝብ ፈቃድ እንዳልጠየቁ መዘንጋት አይገባም።

በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በውጫሌ ከኢጣልያ ጋር የተፈረመው ውል ስለ ወሰንም ስለ ነጻነትም ይናገር ነበር። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መጠቀም እንዲችሉ ሲፈቅድ፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። ከዚህ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን አቅጣጫ በአቅጣጫ ዘርዝረው፣ የጥንቱን ይዞታ እስከ ካርቱምና እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ድረስ ለመመለስ እንደሚያስቡ አስታወቁ። ይሁን እንጂ የአንድ ወገን ማስታወቂያ የይገባኛል ጥያቄ ነው፤ ወሰን የሚሆነው ጎረቤት ሲቀበለው ነው።

ጎረቤቶቹ ለመደራደር የቀረቡት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ከተገኘ በኋላ ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት ስታውቅ፣ የመረብ፣ የበለሳና የሙና መሥመር ለጊዜው ወሰን ሆነ። በዚያው ዓመት ላጋርድ ስለ ፈረንሳይ፣ ሮድ ስለ እንግሊዝ የሶማሌ ግዛት ተዋዋሉ። በነዚህ ዓመታት ለንጉሠ ነገሥቱ በውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆነው ያገለገሉት በሙያቸው መሐንዲስ የነበሩት ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነበሩ። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ከብት አርቢዎች ወደ ግጦሹና ወደ ውኃው እንዲሻገሩ ፈቅዷል፤ መሥመሩ ከጉድጓዱ ጋር እንደማይስማማ ተዋዋዮቹም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎም በ1892 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ስለ ኤርትራ፣ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ስለ ሱዳን፣ በ1900 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ስለ ደቡቡ፣ ከኢጣልያ ጋር ስለ ሶማሌና ስለ ደንከል ጠረፍ ውሎች ተፈረሙ። እዚህ ላይ ሁለት ሥራዎችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ወሰኑን በቃልና በካርታ መወሰን ነው፤ ሁለተኛው በምድሩ ላይ ቀይሶ ምልክት መትከል ነው። ምኒልክ የመጀመሪያውን በብዙ ድካም አከናወኑ፤ ለሁለተኛው ግን የራሳቸው ቀያሾች አልነበሯቸውም። የምዕራቡን ወሰን በ1895 ዓ.ም. ምልክት ያደረገበት የእንግሊዙ መኮንን ግዊን ነበር፤ የኢትዮጵያ መልእክተኞች በሥራው ላይ አልነበሩም መባሉም ከሱዳን ጋር ለተነሣው ክርክር አንዱ ምክንያት ሆኗል። የደቡቡን አገር የለካውም ሌላው የእንግሊዝ መኮንን ሞድ ነው።

የደንከሉ ውል ወሰኑ ከባሕር ጠረፍ 60 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ከጠረፉ ጋር ትይዩ እንዲሄድ ይላል። ቃሉ ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠረፉ ወጣ ገባ ስለ ሆነ ልኬቱ ከየትኛው ነጥብ እንደሚጀመር ካልተወሰነ ሁለት ቀያሾች ሁለት ልዩ ልዩ መሥመር ያወጣሉ። የኢጣልያ ሶማሌ ወሰን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። በ1889 ዓ.ም. ኔራዚኒ የተነጋገሩበት ካርታ ሁለቱን ወገን ሊያስማማ ሳይቀርብ ቀረ፤ የ1900 ዓ.ም. ውልም በአብዛኛው መሬት ላይ አልተተከለም። በዚሁ ባልተከለለ ምድር በኅዳር 1927 ዓ.ም. በወልወል የተነሣው ግጭት ለፋሺስት ወረራ ምክንያት ተደረገ።

ምኒልክ ይህን ሳያዩ፣ ለብዙ ዓመታት በሕመም ተይዘው ከቆዩ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ውሎቻቸው ግን አላረፉም። በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ሺህ ወጣቶች ካለቁ በኋላ፣ የወሰን ኮሚሽኑ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ውሳኔውን የሰጠው የ1892፣ የ1894 እና የ1900 ዓ.ም. ውሎችን ተርጉሞ ነው። ችካሉን ለመትከል ባለመቻሉም በኅዳር 2000 ዓ.ም. የነጥቦቹን ልክ በካርታ ላይ አስፍሮ ሥራውን ዘጋ። ንጉሠ ነገሥቱ ነጻ አገርን ከነስሟ ለማቆየት በቅተዋል፤ ወረቀቱን ከምድሩ ጋር የማስማማቱን ሥራ ግን ለተከታዮቻቸው ትተው አልፈዋል። ይህም ሥራ የመሪን ጥበብና የቀያሽን ትክክለኛነት፣ ከሁሉም በላይ መሥመሩ በደጁ የሚያልፍበትን ሰው ማዳመጥ የሚጠይቅ ነው።