ግሬስ ሆፐር እና የንዑስ ፕሮግራሞች ካታሎግ

በጃቫ ቋንቋ አንድ ባለሙያ በራሱ ክላስ ውስጥ «ኢኩዋልስ» የተባለውን ሜተድ ጻፈ እንበል። የሪፋክተሪንግ መሣሪያ፣ ማለትም የኮድን ጠባይ ሳይለውጥ አወቃቀሩን ሊያሻሽል የተሠራ ፕሮግራም፣ የዚህን ሜተድ የግቤት ዓይነት ቢለውጥ፣ ከበላዩ «ኦቨራይድ» የሚለው ምልክት እስካልተጻፈ ድረስ ኮምፓይለሩ ዝም ይላል። ፕሮግራሙም ይሠራል። ነገር ግን በ«ሃሽሴት» ውስጥ የተቀመጠው ዕቃ ሲፈለግ አይገኝም። መሣሪያው ሜተዱ ከቋንቋው ጋር አብሮ ከሚመጣው «ኦብጀክት» ክላስ የተወረሰ መሆኑን አላወቀምና ነው። ከዚህ ዓይነቱ ጥፋት ለመዳን የአብሮ መጥ ክላሶችን የሜተድ ፊርማ፣ ይኸውም ስሙንና የግቤቶቹን ቅደም ተከተልና ዓይነት፣ ከአንድ ቦታ ማግኘት ይኖርበታል። ይህ መረጃ የት ይቀመጥ፣ ማንስ ያንብበው የሚለው ጥያቄ ግን ሪፋክተሪንግ ስም ከማግኘቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ የተነሣ ሲሆን፣ ቀድመው ከመለሱት አንዷ አሜሪካዊቷ ግሬስ መሪ ሆፐር ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሆፐር በዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒውዮርክ ተወለዱ። በ1928 ከቫሳር ኮሌጅ ተመረቁ፤ በ1934 ከዬል ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ፤ በቫሳርም ሒሳብ አስተማሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የማስተማር ሥራቸውን ትተው ወደ ባሕር ኃይል ገቡ። ክብደታቸው ከተወሰነው በታች በመሆኑ የተቀበሏቸው በልዩ ፈቃድ ነበር። በ1944 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 1 በተባለው፣ ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል በነበረው የስሌት መኪና ላይ ተመደቡ። መመሪያ መጽሐፉንም አዘጋጁ፤ መጽሐፉ በ1946 ታተመ።

ስለ እርሳቸው ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚተረከው በ1947 በማርክ 2 ውስጥ የተገኘችው የእሳት እራት ታሪክ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ይበልጥ የሚጠቅሙን የባልደረቦቻቸው ማስታወሻ ደብተሮች ናቸው። ሠራተኞቹ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠ ቁራጭ ፕሮግራም በየደብተራቸው ይይዙ፣ ሌላውም ሲያስፈልገው ይገለብጥ ነበር። ሆፐር በ1949 በፊላደልፊያ የዩኒቫክ ኮምፒውተር ወደሚሠራበት የኤከርትና ሞክሊ ኩባንያ ሲዛወሩም ይኸው ልማድ ቀጠለ። ቁራጩ ከዜሮ አድራሻ ጀምሮ የተጻፈ ስለሆነ፣ የሚገለብጠው ሰው በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ አዲሱን አድራሻ በእጁ መደመር ነበረበት። በመገልበጥም በመደመርም ሰው ይሳሳታል፤ መኪናው ግን ለሁለቱም ሥራ የተፈጠረ ነው።

ከዚህ የተወለደው ኤ-0 የተባለው ሥርዓት ነው። ንዑስ ፕሮግራሞቹ በመግነጢሳዊ ቴፕ ላይ ተቀመጡ፤ ለእያንዳንዳቸውም የመጥሪያ ቁጥር ተሰጣቸው። ባለሙያው ቁጥሩንና ግቤቶቹን ብቻ ሲጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ንዑስ ፕሮግራሙን ከቴፑ ፈልጎ፣ አድራሻውን አስተካክሎ ይቀጥለዋል። ሆፐር በሜይ 1952 በፒትስበርግ በተደረገ ጉባኤ ላይ ይህን ሲያብራሩ፣ ለባለሙያው ስለሚሰጠው ካታሎግም ገልጸዋል። ካታሎጉ የንዑስ ፕሮግራሙን የውስጥ ትእዛዛት አያሳይም። የሚያሳየው የመጥሪያ ቁጥሩንና ግቤቶችና ውጤቶች በምን ቅደም ተከተል እንደሚጻፉ ነው። በዛሬ አነጋገር ካታሎጉ የፊርማዎች ዝርዝር ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ኤ-0 የመጀመሪያው ኮምፓይለር ነው አይደለም በሚለው ላይ ብዙ ቀለም አፍስሰዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከዚያ ክርክር ይልቅ ካታሎጉ ትኩረት ይገባዋል። ሰው የሌላውን ሥራ ውስጡን ሳያነብ እንዲጠቀምበት ያስቻለው እርሱ ነውና።

ጉድለቱም እዚያው ነበር። ንዑስ ፕሮግራሙ በቴፕ ላይ፣ ካታሎጉ በሰው እጅ ሲሆን፣ አንዱ ተለውጦ ሌላው ባይለወጥ ልዩነቱን የሚያየው ሰው ብቻ ነው። ጃቫ ለዚህ መልስ ሰጥታለች፤ የእያንዳንዱ ሜተድ ስምና የግቤት ዓይነት በተተረጎመው የክላስ ፋይል ውስጥ ስለሚጻፍ መሣሪያው ዋናውን ኮድ ባያገኝም ያነበዋል። በፓይተን ግን ነገሩ ይከብዳል። አብሮ መጦቹ አብዛኛዎቹ በሲ ቋንቋ የተጻፉ ሲሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ግቤቶቻቸውን መሣሪያ በሚያነበው መልክ አይዙም ነበር። በ2014 የወጣው ፓይተን 3.4 ይህን የሚያቃልል ዘዴ አመጣ፤ ሆኖም ፊርማቸው ሲጠየቅ ስሕተት የሚመልሱ ዛሬም አሉ። ስለዚህ መሣሪያዎቹ ታይፕሼድ በተባለ፣ ፊርማዎቹ ከኮዱ ተለይተው በተጻፉበት ስብስብ ይታገዛሉ። ይህ የሆፐር ካታሎግ ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ስብስቡን ከትክክለኛው ኮድ ጋር የሚያስተያይ የመፈተሻ ፕሮግራም ያለው መሆኑ ነው።

ሆፐር ከዚያ በኋላ ፍሎውማቲክ የተባለውን፣ በእንግሊዝኛ ቃላት የሚጻፍ ቋንቋ መርተው አሠሩ፤ በ1959 የተጀመረው ኮቦልም ብዙ ነገር ወረሰው፤ የመረጃው መግለጫ ከትእዛዛቱ ተለይቶ መጻፉም ከዚሁ ይቆጠራል። በ1966 ከባሕር ኃይል ጡረታ ወጡ፤ በዓመቱ ግን ኮቦልን ወጥ እንዲያደርጉ ተመልሰው ተጠሩ። በ1986 በ79 ዓመታቸው በሪር አድሚራል ማዕረግ ተሰናበቱ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ዐርፈው በአርሊንግተን ተቀበሩ። በዚያው ዓመት በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ኦፕዳይክ ስለ ሪፋክተሪንግ የዶክትሬት ድርሳናቸውን አቀረቡ፤ ኮድ ከመለወጡ በፊት መሣሪያው ሊያረጋግጣቸው ይገባል ካሏቸው ቅድመ ሁኔታዎች መካከል ከላይኛው ክላስ የተወረሱት ፊርማዎች ይገኙበታል።