ንጉሥ ያልሆነ ባለሥልጣን፦ ዋና ዳኛ ጆን ማርሻልና የፕሬዚዳንቱ ተጠያቂነት

መግቢያ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የኮንግረስ አባላት በምክር ቤት ውስጥ ስላደረጉት ንግግር በሌላ ስፍራ እንዳይጠየቁ ከለላ ይሰጣል። ስለ ፕሬዚዳንቱ ያለመከሰስ መብት ግን በግልጽ ያሰፈረው ድንጋጌ የለም። ይህ ዝምታ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩ በተነሣ ቁጥር ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ከ1801 እስከ 1835 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ የነበረው ጆን ማርሻል ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የማርሻል ፍርዶች ዘወትር የሚጠኑት የፍርድ ቤት ሥልጣን የተስፋፋባቸው ምዕራፎች ተደርገው ነው። ሕይወቱን ከመነሻው እስከ መድረሻው የተከታተለ ግን ሌላም ነገር ያስተውላል፤ ማርሻል ሥልጣኑን የገነባው ሊጣስ የሚችል ትእዛዝ ከመስጠት እየተቆጠበ ነው። ይህ ጥበብ ምን እንዳተረፈና የት ላይ እንዳበቃ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

ከጦር ሜዳ ወደ ሕግ

ማርሻል ሴፕቴምበር 24 ቀን 1755 በቨርጂኒያ ጠረፍ፣ ኋላ የፎኪየር አውራጃ በተባለው ስፍራ ተወለደ። ከአሥራ አምስት ልጆች የመጀመሪያው ነበር። አባቱ ቶማስ ማርሻል መሬት ቀያሽ ሲሆን ከጆርጅ ዋሽንግተን ጋር ይተዋወቅ ነበር። ልጁ በመደበኛ ትምህርት ብዙ አልቆየም፤ አብዛኛውን ዕውቀት ያገኘው ከአባቱና በቤት ከነበሩት መጻሕፍት ነው። የነጻነት ጦርነት ሲነሣ ዘመተ፤ የ1777ንና የ1778ን የብርድ ወራትም በቫሊ ፎርጅ የጦር ሰፈር አሳለፈ። በዚያ ወታደሩ በረኀብ፣ በእርዛትና በበሽታ ሲረግፍ አየ። ኮንግረስ ግብር የማስከፈል ሥልጣን ስላልነበረው ሠራዊቱን በወጉ መቀለብ አልቻለም። ደካማ ማዕከላዊ መንግሥት ነጻነትን ሊጠብቅ አይችልም የሚለው የማርሻል እምነት ከዚህ ተሞክሮ ጋር የተያያዘ ነው።

በ1780 በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ከሕግ መምህሩ ከጆርጅ ዊዝ ዘንድ ለጥቂት ጊዜ ተምሮ ጠበቃ ሆነ። በ1788 ቨርጂኒያ አዲሱን ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ ባደረገችው ጉባኤ ላይ ስለ ዳኝነት ሥልጣን ተከራከረ፤ ኮንግረስ ከተሰጠው ሥልጣን ያለፈ ሕግ ቢያወጣ ዳኞች ዋጋ ቢስ እንደሚያደርጉት ያን ጊዜውኑ አስረድቶ ነበር።

ማርሻል ግን የፕሬዚዳንት ሥልጣን ጠላት አልነበረም። በ1800 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሳለ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በነፍስ ግድያ የተጠረጠረ መርከበኛ ለእንግሊዝ ተላልፎ እንዲሰጥ በማድረጉ በብርቱ ሲነቀፍ ዋነኛ ጠበቃው ማርሻል ሆነ። ከውጭ መንግሥታት ጋር የሚደረገው ግንኙነት ለፕሬዚዳንቱ የተተወ ፖለቲካዊ ጉዳይ እንጂ በፍርድ ቤት የሚወሰን አይደለም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤት የሚገባበትና የማይገባበት ጉዳይ አለ የሚለው ይህ ልዩነት ኋላ በፍርዶቹ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል።

ያልደረሰው የሹመት ደብዳቤ

አዳምስ በ1800ው ምርጫ በቶማስ ጄፈርሰን ተሸነፈ። ከሥልጣን ከመውረዱ በፊት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ማርሻልን ዋና ዳኛ አድርጎ ሾመው። ማርሻል ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1801 ቃለ መሐላ ቢፈጽምም እስከ መንግሥት ለውጡ ቀን ድረስ የሚኒስትርነቱን ሥራ አልተወም። አዳምስ በመጨረሻዎቹ ቀናት የሾማቸውን ዳኞች ደብዳቤ ያተመው እርሱ ነበር። ከደብዳቤዎቹ አንዳንዶቹ ለባለቤቶቻቸው ሳይደርሱ ቀሩ፤ ጄፈርሰንም እንዳይሰጡ አዘዘ። በዋና ከተማው አነስተኛ ጉዳዮችን እንዲዳኝ ተሾሞ የነበረው ዊልያም ማርበሪ አዲሱን ሚኒስትር ጄምስ ማዲሰንን በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰ።

የማርሻል አጣብቂኝ ከባድ ነበር። ኮንግረስ የፍርድ ቤቱን የችሎት ጊዜ በመለወጡ ዳኞቹ ለአሥራ አራት ወራት ሳይሰየሙ ቆይተዋል። ማዲሰን ደብዳቤውን እንዲሰጥ ቢታዘዝ እንደማይፈጽም የታወቀ ነው፤ ክሱ እንዲሁ ቢጣል ደግሞ ፍርድ ቤቱ ፈርቷል ይባላል። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1803 የተሰጠው ፍርድ በሁለቱ መካከል መንገድ አገኘ። ማርበሪ ለደብዳቤው መብት አለው፤ መብት ለተነካበትም ሰው ሕግ መፍትሔ ሊሰጥ ይገባል። ሆኖም ጉዳዩ በመጀመሪያ ደረጃ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲታይ የፈቀደው የ1789 ሕግ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ስለሚጋጭ ዋጋ የለውም። ጄፈርሰን የሚጥሰው ትእዛዝ አልተሰጠም፤ ሕግን ከሕገ መንግሥት ጋር የማመሳከር ሥልጣን ግን በፍርድ ቤቱ እጅ ገባ።

ፍርዱ ስለ አስፈጻሚው አካልም መሠረታዊ ልዩነት አስቀመጠ። ፕሬዚዳንቱ በራሱ ፖለቲካዊ ውሳኔ የሚፈጽመውን ተግባር ፍርድ ቤት አይመረምርም። ሕግ ለባለሥልጣን ለይቶ ያዘዘው፣ የግለሰብም መብት የተንጠለጠለበት ግዴታ ግን በፍርድ ቤት ያስጠይቃል። የፍርዱ እንከንም መነገር አለበት፤ ደብዳቤውን ያተመውና ሳይደርስ የቀረበት ሰው ራሱ ማርሻል ስለነበረ ከችሎቱ ሊነሣ ይገባ ነበር የሚለው ትችት ሚዛን የሚደፋ ነው።

አደጋው ግን አላለፈም። የተወካዮች ምክር ቤት በ1804 ዳኛ ሳሙኤል ቼዝን ከሥልጣን ለማስወገድ ከሰሰ። ማርሻል በዚያ ወቅት ለቼዝ በጻፈው ደብዳቤ ዳኞችን ከመክሰስ ይልቅ ኮንግረስ ፍርዳቸውን የሚያርምበት መንገድ ቢኖር እንደሚሻል እስከ መጠቆም ደርሶ ነበር። የፍርድ ቤቱን የበላይነት ያወጀው ሰው ይህን መጻፉ ተቋሙ ምን ያህል በስስ ክር ተንጠልጥሎ እንደነበር ያሳያል። ሴኔት ቼዝን በ1805 በነጻ ሲያሰናብት የዳኞች ነጻነትም ዐብሮ ዳነ።

ለፕሬዚዳንቱ የተላከው መጥሪያ

በ1807 የቀድሞው ምክትል ፕሬዚዳንት አሮን ቡር በአገር ክህደት ተከሶ በሪችመንድ ማርሻል በሚመራው ችሎት ፊት ቀረበ። ጄፈርሰን ፍርድ ሳይሰጥ አስቀድሞ የቡር ጥፋተኝነት የማያጠራጥር መሆኑን ለኮንግረስ አስታውቋል። ቡር ግን ዋና ምስክር የሆነው ጄኔራል ጄምስ ዊልኪንሰን ለፕሬዚዳንቱ የጻፈው ደብዳቤ ለመከላከያው ስለሚያስፈልገው በመጥሪያ እንዲቀርብለት ጠየቀ።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ብሂል የያዘው ሐሳብ በእንግሊዝ ሕግም ነበረ፤ ንጉሥ አይሳሳትም ተብሎ ይታመናል። ማርሻል ጁን 13 ቀን 1807 በሰጠው ውሳኔ ይህ ሐሳብ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንደማይሆን አስረዳ። ንጉሥ ዘውዱን ይወርሳል፤ ፕሬዚዳንት ግን በሕዝብ ይመረጣል፣ በሕግ መሠረት ከሥልጣን ሊነሣ ይችላል፣ ዘመኑ ሲያበቃም ተራ ዜጋ ይሆናል። ስለዚህ መጥሪያ ሊደርሰው ይችላል። ይሁንና የመንግሥት ሥራ የማይፈቅድለት ከሆነ፣ ወይም ሰነዱ ለሕዝብ ደኅንነት መገለጥ የማይገባው ከሆነ፣ ምክንያቱ ቀርቦ ይመዘናል።

ጄፈርሰን በአካል አልቀረበም። ምን መገለጥ እንዳለበት የሚወስነው ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው የሚለውን አቋሙን ሳይተው ሰነዶችን በዐቃቤ ሕጉ በኩል ላከ። ማርሻልም በግድ ይቅረብ አላለም። እያንዳንዱ አቋሙን ጠበቀ፤ ችሎቱ ግን ቀጠለ። ሕገ መንግሥቱ ለአገር ክህደት ክስ የሚጠይቀው ማስረጃ ባለመሟላቱም ጁሪው ሴፕቴምበር 1 ቀን ቡርን ከክሱ ነጻ አወጣ። ማርሻል በሕዝብ ዘንድ ተጠላ፤ በባልቲሞር ምስሉ ተሠርቶ ተሰቀለ።

የጥበቡ ወሰን

በማርች 1832 ሚስዮናዊው ሳሙኤል ዎርስተር በጆርጂያ ላይ ባቀረበው አቤቱታ፣ ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ሕዝብ ምድር ላይ እንደማይሠራ ወሰነ። ጆርጂያ ፍርዱን አልፈጸመችም፤ ዎርስተርም እስከ ጃንዋሪ 1833 በእስር ቆየ። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ቼሮኪዎችን ከምድራቸው ለማስነሣት ቆርጦ ስለነበር የፍርዱን መንፈስ የሚያስከብር አስፈጻሚ አልተገኘም። በ1838 እና በ1839 በግዳጅ በተደረገው ስደት በሺህ የሚቆጠሩ ቼሮኪዎች አለቁ። ትክክለኛ ፍርድ በወረቀት ላይ ኖሮ ሕዝቡን ማዳን ግን አልቻለም።

ሌላው ወሰን በማርሻል በራሱ ቤት ነበር። በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች በዕድሜው ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት ይዞ እንደነበር ያሳያሉ። የተነካ መብት መፍትሔ ይሻል ያለው ዳኛ ይህን መርሕ ለእነርሱ አልዘረጋላቸውም። ማርሻል ጁላይ 6 ቀን 1835 በፊላደልፊያ ሞተ። በ34 ዓመታት ውስጥ የኮንግረስን ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ብሎ የሻረው በማርበሪ ጉዳይ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሽረት የተፈጸመው በ1857 በድሬድ ስኮት ጉዳይ ሲሆን፣ ሥልጣኑ ያን ጊዜ የዋለው ባርነትን ለመከላከል ነበር።

ማጠቃለያ

ማርሻል የተከለው ልዩነት ዛሬም በሥራ ላይ ነው። በ1974 ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የድምፅ ቅጂዎችን እንዲያስረክብ ሲያዝዝ፣ በ2020 ደግሞ የዶናልድ ትራምፕ የሒሳብ ሰነዶች በመጥሪያ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ሲወስን የቡርን ጉዳይ ጠቅሷል። ኒክሰን ትእዛዙን ፈጸመ፤ ከሥልጣንም ወረደ። በአንጻሩ ጁላይ 1 ቀን 2024 ፍርድ ቤቱ በስድስት ድምፅ ለሦስት የቀድሞ ፕሬዚዳንት ዋነኛ ሕገ መንግሥታዊ ሥልጣኑን ተጠቅሞ ለፈጸመው ተግባር በወንጀል እንደማይከሰስ፣ ለሌሎች የሥራ ተግባራቱም ቢያንስ በግምት ላይ የተመሠረተ ከለላ እንዳለው፣ ከሥራው ውጪ ለፈጸመው ግን ከለላ እንደሌለው ወስኗል። ብዙኃኑ ዳኞች ከተደገፉባቸው ፍርዶች አንዱ የማርበሪ ፍርድ ነው፤ በልዩነት የቆሙት ዳኞች ደግሞ ውሳኔው ፕሬዚዳንቱን ከሕግ በላይ እንደሚያደርግ ተከራክረዋል።

በዚህም የማርሻል ውርስ ሁለት ፊት እንዳለው ይታያል። ፕሬዚዳንቱ በራሱ ውሳኔ የሚሠራበትን መስክ ያከበረውም፣ ንጉሥ አለመሆኑን ያስታወቀውም እርሱ ነው። ድንበሩ የት እንደሚሰመር ዳኞች ይወስናሉ። ድንበሩ ከተሰመረ በኋላ መከበሩ ግን ጄፈርሰን ሰነዱን እንደላከ፣ ኒክሰንም ቅጂዎቹን እንዳስረከበ ባለሥልጣናት ለሕግ በመገዛታቸው ላይ ያርፋል። ይህ በጎደለበት ጊዜ ምን እንደሚከተል ደግሞ የቼሮኪዎች ታሪክ ይመሰክራል።