ሮዋልድ ዳልና የሚደፈነው ቫልቭ

ሮዋልድ ዳል በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው በልጆች መጻሕፍቱ ነው። በነርቭ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ግን ስሙ የሚነሣው ከብረትና ከሲሊኮን ጎማ በተሠራ አንድ ትንሽ ቫልቭ ምክንያት ነው።

ዳል እ.ኤ.አ. በ1916 በዌልስ፣ ካርዲፍ ከተማ ከኖርዌያውያን ወላጆች ተወለደ። ገና በሦስት ዓመቱ ታላቅ እኅቱንና አባቱን በጥቂት ሳምንታት ልዩነት አጣ። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በሼል የነዳጅ ኩባንያ ተቀጥሮ ዳሬሰላም ሠራ፤ ጦርነቱ ሲነሣም ናይሮቢ ላይ የብሪታንያን አየር ኃይል ተቀላቀለ። በ1940 አውሮፕላኑ በሊቢያ በረሃ ተከስክሶ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፣ ለተወሰነ ጊዜም ማየት ተሳነው። የጭንቅላት ጉዳትና የዓይን መጥፋት ምን እንደሆኑ በራሱ አካል አውቋቸው ነበር ማለት ነው።

በዲሴምበር 1960 የአራት ወር ወንድ ልጁ በሕፃን ጋሪ ተኝቶ የኒውዮርክን ጎዳና ሲያቋርጥ ታክሲ ገጨው። ሕፃኑ ተረፈ፤ ነገር ግን በአንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀም ጀመር። ሃይድሮሴፋለስ የሚባለው ይህ ሕመም የሚከሰተው አንጎል ዘወትር የሚያመነጨው ፈሳሽ መውጫ ሲያጣ ነው፤ ግፊቱ እየጨመረ ይሄድና አንጎልን ይጎዳል። ሐኪሞች ሸንት የሚሉትን ቀጭን ቧንቧ ከአንጎል ክፍተት አንሥተው በደም ሥር በኩል ወደ ልብ ዘረጉለት። በቧንቧው ላይ ያለው ቫልቭ ፈሳሹን ወደ ታች ያሳልፋል፣ ደም ወደ ላይ እንዳይመለስም ይከለክላል። ችግሩ የነበረው በዚሁ ቫልቭ ላይ ነው። በዘመኑ የነበረው ቫልቭ በሲሊኮን ላይ የተበጀ ጠባብ ስንጥቅ ስለነበረ ከአንጎል በሚወርድ ብናኝ ይደፈን ነበር። በተደፈነ ቁጥር ልጁ በሕመም ይሠቃያል፣ ዓይኑ ይጠፋል፣ በአስቸኳይ ወደ ቀዶ ሕክምና ይወሰዳል። ይህ ደጋግሞ ደረሰበት።

ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ ዳል ሁለት ሰዎችን አገናኘ። አንደኛው በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርቭ ቀዶ ሐኪም የነበረው ኬነዝ ቲል ነው። ሁለተኛው ስታንሊ ዌድ የሚባል የሃይድሮሊክ መሐንዲስ ሲሆን ለአሻንጉሊት አውሮፕላን ሞተሮች ነዳጅ የሚያደርሱ ጥቃቅን ፓምፖችን ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለ ትብብር ፈጽሞ አዲስ አልነበረም፤ በአሜሪካም ከጥቂት ዓመታት በፊት ጆን ሆልተር የተባለ ባለሙያ በዚሁ ሕመም ለተያዘ ልጁ ሲል ሌላ ቫልቭ ፈልስፏል። ዳል መሐንዲስም ሐኪምም አልነበረም። ድርሻው ቫልቩ ለምን እንደሚደፈን ያለመታከት መጠየቅና ሁለቱን ባለሙያዎች ማቀራረብ ነበር፤ ይህም ቀላል የሚባል ድርሻ አይደለም። በሥራው የተገኘው ቫልቭ በአጭር የሲሊኮን ጎማ ቱቦ ሁለት ጫፎች ላይ የተቀመጡ፣ በየማቀፊያቸው ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ሁለት የብረት ዝርግ ክቦች ነበሩት። ከላይ ግፊት ሲመጣ ክቦቹ ይከፈታሉ፤ ከታች ሲመጣ ይዘጋሉ። ስንጥቅ ስለሌለው ብናኝ በቀላሉ አይደፍነውም።

ቫልቩ በ1962 ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሕፃን ላይ ተተከለ። የሦስቱን ስም ይዞ ዌድ-ዳል-ቲል ተባለ፤ ፈጣሪዎቹም ከሽያጩ ትርፍ ላለመውሰድ ተስማሙ። የታከሙበት ሕፃናት ከ2,000 እስከ 3,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። የዳል ልጅ በበኩሉ በዚያን ጊዜ በጣም ተሽሎት ስለነበር ቫልቩ አላስፈለገውም። በዚያው ዓመት ግን የዳል የበኩር ልጅ በኩፍኝ ምክንያት በመጣ የአንጎል ብግነት በሰባት ዓመቷ ሞተች። በ1965 ደግሞ ባለቤቱ፣ ተዋናይቷ ፓትሪሺያ ኒል፣ በአንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ለረጅም ጊዜ መናገርና መራመድ ተሳናት። ቻርሊና የቸኮሌት ፋብሪካው የታተመው በእነዚህ ሁለት መከራዎች መካከል፣ በ1964 ነው። ዳል በኖቬምበር 1990 በኦክስፎርድ አረፈ።

ዌድ-ዳል-ቲል ዛሬ በሌሎች ቫልቮች ተተክቷል፤ ሸንት ግን አሁንም ይበላሻል። አሁን በአብዛኛው ቧንቧው የሚዘረጋው በአንገትና በደረት ቆዳ ሥር ወደ ሆድ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች አንዳንዶቹ ሸንት ተተክሎላቸዋል፤ ከእነዚህም አከርካሪው ክፉኛ ስለሚጣመም በብረት ዘንግ የሚቃናለት ልጅ አለ። ጀርባው ሲቃና ቁመቱ ይረዝማል። ዓመታት ያለፉበትና ከዙሪያው ሥጋ ጋር የተጣበቀ ቧንቧ በዚህ ጊዜ ሊሳብ፣ ሊላቀቅ ወይም ሊበጠስ ይችላል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማስታወክና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት በመሆናቸው ከማደንዘዣና ከሕመም ማስታገሻ ውጤት ለመለየት ያስቸግራሉ፤ መናገር በማይችል ልጅ ላይ ደግሞ ችግሩ ይበረታል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከራስ እስከ ሆድ የቧንቧው ራጅ ቢነሣ፣ በኋላ ጥርጣሬ ሲፈጠር ሐኪሙ የሚያነጻጽርበት ምስል ይኖረዋል።