አልፍሬድ ዋላስና ሁለቱ ደሴቶች

አልፍሬድ ራስል ዋላስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1823 ዓ.ም. በዌልስ አገር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ችግረኛ ስለ ነበረ 14 ዓመት ገደማ ሲሆነው ትምህርቱን አቋርጦ በመሬት ልኬታ ሥራ ገባ። በ1848 ዓ.ም. ወደ አማዞን ወንዝ አገር ሄዶ አራት ዓመት ሙሉ ወፎችንና ነፍሳትን ሲሰበስብ ኖረ። ሲመለስ ግን መርከቢቱ በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ተቃጠለች። ይዞት የመጣው ስብስብ ሁሉ ጠፍቶ፥ ዐሥር ቀን በጀልባ ሲንገላታ ከቆየ በኋላ ሌላ መርከብ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን ዳግመኛ ከደጃፉ ባልራቀ ነበር። እርሱ ግን በ1854 ዓ.ም. ዛሬ ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ ወደሚባሉት ደሴቶች ተሻግሮ ስምንት ዓመት ተቀመጠ።

በ1856 ዓ.ም. ከባሊ ደሴት ወደ ሎምቦክ ሲሻገር የሚያስደንቅ ነገር አየ። ሁለቱ ደሴቶች ጐረቤታሞች ናቸው፤ አየራቸውም እምብዛም አይለያይም። ነገር ግን በባሊ ያሉት ወፎች የእስያ ወገን ሲሆኑ፥ በሎምቦክ ያገኘው እንደ አውስትራልያ ወፎች ያለ፥ ይኸውም ባለ ጉትያ ነጭ በቀቀንና እንቁላሉን በአፈርና በቅጠል ክምር ውስጥ የሚቀብር ወፍ ነበረ። ፍጥረት ሁሉ ለሚኖርበት አየርና መሬት ብቻ ተስማምቶ የተገኘ ቢሆን ኖሮ፥ ይህን ያህል ልዩነት ከወዴት መጣ? ዋላስ መልሱን በትውልድ ሐረግ ፈለገው። በኋላ እንደ ታወቀው፥ በበረዶ ዘመን ባሕር በጐደለ ጊዜ ባሊ ከእስያ የብስ ጋር ተገናኝታ ነበር፤ በእርስዋና በሎምቦክ መካከል ያለው ባሕር ግን እጅግ ጥልቅ ስለሆነ ከቶ አልደረቀም። ስለዚህ የየደሴቱ እንስሳ ወደዚያ ሊደርሱ ከቻሉት አያቶቹ ወረደ። ይህም እስከ ዛሬ ለዝግመተ ለውጥ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች አንዱ ነው።

በ1858 ዓ.ም. ንዳድ ይዞት ተኝቶ ሳለ፥ ከሚወለዱት ብዙዎች መካከል ለኑሮ የሚስማማው ተርፎ እንደሚዋለድ አሰበ። ሐሳቡንም ጽፎ ለቻርልስ ዳርዊን ላከው። ዳርዊን ይህንኑ ሐሳብ ሃያ ዓመት ያህል በጓዳው ይዞት ስለ ነበረ እጅግ ደነገጠ። ወዳጆቹም የሁለቱን ጽሑፍ አንድነት ሐምሌ 1 ቀን 1858 ዓ.ም. በለንደን በሊኒየን ማኅበር አስነበቡ፤ ዋላስ ግን ፈቃዱን እንኳ የጠየቀው አልነበረም። ይህ ነገር ቅር ሊያሰኘው በተገባ ነበር እንላለን። እርሱ ግን አልተቀየመም፤ በ1889 ዓ.ም. ያሳተመውንም መጽሐፍ ዳርዊኒዝም ብሎ ሰየመው።

ዋላስ ሲያረጅ ገንዘብ አጠረው። በ1881 ዓ.ም. በዓመት 200 ፓውንድ ጡረታ እንዲቈረጥለት የተሟገተለት ዳርዊን ነው። በማግሥቱ ዓመት ዳርዊን ሞቶ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር፥ ሣጥኑን ካጀቡት መካከል አንዱ ዋላስ ነበረ። እርሱም በ1913 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ዐረፈ።