አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ

አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ (ኦክቶበር 24 ቀን 1632 – ኦገስት 26 ቀን 1723 እ.ኤ.አ.) የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴና ተመራማሪ ነበር። ባክቴሪያንና ፕሮቶዞዋን ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ የገለጸ ሰው በመሆኑ የማይክሮባዮሎጂ አባት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ሌቨንሁክ የተወለደው በዴልፍት ከተማ ነው። ቅርጫት ሠሪ የነበረው አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነበር። በ16 ዓመቱ ወደ አምስተርዳም ሄዶ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ዘንድ ሥራ ተማረ። በ1654 ወደ ዴልፍት ተመልሶ አገባ፤ የራሱንም ሱቅ ከፈተ። ከመጀመሪያ ሚስቱ ከወለዳቸው አምስት ልጆች ለአካለ መጠን የደረሰችው ማሪያ ብቻ ነበረች። ከ1660 ጀምሮ በከተማው አስተዳደር ተቀጥሮ ሠርቷል። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የዘመኑ ምሁራን ይጽፉበት የነበረውን ላቲንም አያውቅም ነበር።

ማይክሮስኮፖቹ

በዚያ ዘመን ጨርቅ ነጋዴዎች የክርን ጥራት የሚመረምሩት በአጉሊ መነጽር ነበር። ሌቨንሁክ ከዚህ አልፎ እጅግ ትንንሽ ሌንሶችን በራሱ እጅ መሥራት ጀመረ። መሣሪያው በሁለት ቀጫጭን የብረት ሳህኖች መካከል የተያዘ አንድ ሌንስ ብቻ ነበረው። የሚታየው ነገር በመርፌ ጫፍ ላይ ይደረግና በብሎን ወደ ሌንሱ ይቀርባል ወይም ይርቃል። ከተረፉት መሣሪያዎች ምርጡ አንድን ነገር 270 ጊዜ ያህል ያጎላል።

ግኝቶቹ

በ1673 ሐኪሙ ሬይኒየር ደ ግራፍ ከለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጋር አስተዋወቀው። ከዚያ ጀምሮ ለ50 ዓመት ያህል ያየውን ሁሉ በሆላንድኛ እየጻፈ ይልክላቸው ነበር። በ1674 የሐይቅ ውሃ ሲመረምር አረንጓዴ ክር የሚመስል ዋቅላሚና ወዲያና ወዲህ የሚዋኙ ፍጥረታትን አየ። በ1676 ደግሞ ቁንዶ በርበሬ ለምን እንደሚያቃጥል ለማወቅ በውሃ ዘፍዝፎ ሲመለከት ከእነዚያም እጅግ የሚያንሱ ፍጥረታት አገኘ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ነበሩ።

ደብዳቤው ለንደን ሲደርስ ብዙዎች ማመን አቃታቸው። ሌቨንሁክ የሌንሶቹን አሠራር ምስጢር ስለማይገልጥ ሌሎች በቀላሉ ሊያረጋግጡለት አልቻሉም። ስለዚህ የሃይማኖት አገልጋዮች የሚገኙባቸውን የተከበሩ ሰዎች ጠርቶ በማይክሮስኮፑ አሳያቸውና ምስክርነታቸውን ላከ። በ1677 ሮበርት ሁክ ሙከራውን በራሱ መሣሪያ ደግሞ ፍጥረታቱን አየ። ሌቨንሁክም በ1680 የማኅበሩ አባል ሆነ።

በ1683 በጻፈው ደብዳቤ ከጥርሱ ላይ የፋቀው ቆሻሻ በሕይወት የተሞላ መሆኑን ገለጸ። በትል፣ በዘንግና በጠመዝማዛ ቅርጽ ይታዩ የነበሩትን እነዚህን ባክቴሪያዎች ሥዕላቸውንም አያይዞ ላከ። በተጨማሪም ቀይ የደም ሴሎችንና የወንድ ዘርን መርምሯል። ቁንጫ ከአቧራ ሳይሆን ከእንቁላል እንደሚፈለፈልም አሳይቷል።

ያያቸውና ያላያቸው

ደቂቅ ዘአካላት ዛሬ በዋነኛነት ባክቴሪያ፣ አርኬያ፣ ፕሮቶዞዋ፣ ፈንገስና ደቂቅ ዋቅላሚ ተብለው ይከፈላሉ። ቫይረስ በራሱ መራባት ባይችልም ብዙ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ይጠናል። ሌቨንሁክ ፕሮቶዞዋን፣ ዋቅላሚንና ባክቴሪያን አይቷል። ፈንገስ የሆነውን እርሾም ተመልክቷል፤ ነገር ግን ሕይወት ያለው መሆኑን አልተረዳም። ቫይረስ ግን በብርሃን በሚሠራ ተራ ማይክሮስኮፕ ሊታይ ስለማይችል ከእርሱ ተሰውሮ ቀረ። ትምባሆን የሚያጠቃ ቫይረስ ከባክቴሪያ የተለየ ነገር መሆኑን በ1898 የገለጸው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ይሠራ የነበረው በዚያችው በዴልፍት ነው።

ሞቱና ውርሱ

ሌቨንሁክ በ90 ዓመቱ ዐርፎ በዴልፍት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በኑዛዜው መሠረት ልጁ ማሪያ 26 የብር ማይክሮስኮፖችን ለሮያል ሶሳይቲ ላከች፤ በኋላ ግን ሁሉም ጠፉ። ከሠራቸው ከብዙ መቶዎቹ መሣሪያዎች እስከ ዛሬ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምርጥ ሌንሶቹን የሠራበትን ዘዴ ለማንም ስላላስተማረ ከሞተ በኋላ ሥራውን በእርሱ ደረጃ የሚቀጥል አልተገኘም። ያያቸው ፍጥረታት አንዳንዶቹ በሽታ እንደሚያመጡ በግልጽ የተረጋገጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሉዊ ፓስተርና በሮበርት ኮኽ ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሰዎች በኮሌራ፣ በሳንባ ነቀርሳና በወሊድ ትኩሳት ሲያልቁ፣ ገዳዩ ፍጥረት ምን እንደሆነ አይታወቅም ነበር።