ከአብረሃ ሕይወት ምን እንማራለን?

ሱረቱል ፊልን የማያውቅ የሙስሊም ልጅ የለም ማለት ይቻላል። በቁርአን ቤት በልጅነታችን የሐፈዝናት፣ በሶላታችን ደጋግመን የምንቀራት ባለ አምስት አንቀጽ ምዕራፍ ናት። ይሁንና የዝሆኑን ጦር የመራው ሰው ማን እንደነበረ፣ ከምን ተነስቶስ ለዚያ ውድቀት እንደበቃ ስንቶቻችን ቆም ብለን አስበናል?

ታሪኩ የሚጀምረው ከሌላ ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ523 ገደማ የሒምየር ንጉሥ ዙ ኑዋስ የነጅራን ክርስቲያኖችን በእምነታቸው ምክንያት ፈጀ። ብዙ ሙፈሲሮች በሱረቱል ቡሩጅ የተወገዙት የእሳት ጉድጓድ ባለቤቶች እነዚህ ገዳዮች ናቸው ይላሉ። የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ ዙ ኑዋስን አስወገደ። አብረሃ ከዚህ ዘመቻ በኋላ የመን ከቀሩት ሐበሾች መካከል የወጣ ሰው ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነገሠ ከሚባለው የአክሱሙ አብርሃ ጋር ሊምታታ አይገባም።

የሮማው የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ እንደዘገበው አብረሃ በአዱሊስ ይነግድ የነበረ የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበር። በኋላ ካሌብ በየመን የሾመውን ገዥ አስወግዶ ሥልጣን ያዘ። ካሌብ ሁለት ጊዜ ጦር ቢልክበትም አልተሳካለትም። የዓረብ ዘገባዎች ደግሞ አርያጥ ከተባለ የጦር አዛዥ ጋር ተፋልሞ ፊቱ ላይ እንደቆሰለ፣ አል-አሽረም የሚለው ቅጽል ስምም ከዚያ እንደወጣለት ያወሳሉ።

አብረሃ ሰነፍ ገዥ አልነበረም። በ548 የተደረመሰውን የማእሪብ ግድብ አሳድሷል፤ ይህንንም በድንጋይ ላይ አስጽፏል። የአክሱም፣ የሮማና የፋርስ መልእክተኞች ደጁን ረግጠዋል። በ552 ወደ መካከለኛው ዓረብያ መዝመቱን ሌላ የድንጋይ ጽሑፍ ይመሰክራል። አላህ (ሱ.ወ.) ባሪያ የነበረውን ሰው ሥልጣንም፣ ሀብትም፣ ጊዜም ሰጠው።

በሰንዓ ቁለይስ የሚባል ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ጥፋቱ ግን ይህን ማሠራቱ አልነበረም። ጥፋቱ የዓረቦችን ሐጅ ከመካ ወደዚያ ለማዞር መነሳቱ ነበር። አንድ ዓረብ ቤተ ክርስቲያኑን ባረከሰበት ጊዜ ቁጣው ወሰን አጣ። በአንድ ሰው ጥፋት ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) የገነቡትን ካዕባ ሊያፈርስ ዝሆን አሰልፎ ዘመተ።

የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አያት ዐብዱልሙጦሊብ የተዘረፉባቸውን 200 ግመሎች ሊያስመልሱ ወደ አብረሃ ሰፈር ሄዱ። ስለ ካዕባ ሳይሆን ስለ ግመል በመናገራቸው አብረሃ አቃለላቸው። እሳቸው ግን የግመሎቹ ባለቤት ራሳቸው እንደሆኑ፣ ቤቱም የሚጠብቀው ጌታ እንዳለው ነገሩት። ዝሆኑ ወደ መካ ሲመሩት እምቢ ብሎ ተንበረከከ። ከዚያም በመንጋ በመንጋ የመጡ ወፎች በድንጋይ ወረዱበት፤ ያ ሁሉ ጦር ገለባ ሆነ። አብረሃም አካሉ እየረገፈ ሰንዓ ደርሶ እንደሞተ ይተረካል። ልጆቹ የክሱምና መስሩቅ ተከታትለው ቢገዙም ብዙ ሳይቆይ ፋርሶች የመንን ያዙ።

እንግዲህ ልብ እንበል። የአክሱም ጦር የመን የገባው በእምነታቸው የተጨፈጨፉትን ለመበቀል ነበር። በዚያ ዘመቻ ፍሬ የነገሠው ሰው ግን የሌላውን ቤተ አምልኮ ሊያፈርስ ተነሳ። ትናንት ተበድሎ ዛሬ በዳይ የሚሆን ሰው በየሰፈራችን አለ። ተከራይ ሳለ ያለቀሰ ሰው አከራይ ሲሆን ያስለቅሳል፤ ተቀጥሮ የተጉላላ ሰው ቀጣሪ ሲሆን የሠራተኛውን ደመወዝ ያጓትታል።

ሌላም ትምህርት አለ። ቁርአን የአብረሃን ስም አልጠራም፤ የዘሩንም ስም አልጠራም። የዝሆኑ ባለቤቶች ብሎ በሥራቸው ብቻ አስታወሳቸው። በ615 ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን ከግፍ እንዲሸሹ የላኩት ወደዚያው ወደ ሐበሻ ምድር ነው። ቅጣቱ የትዕቢት ቅጣት እንጂ የሕዝብ እርግማን አልነበረም።

የዳኑት ቁረይሾችስ? የዳኑት ስለ ደግነታቸው አይደለም፤ ካዕባ ያኔ በጣዖት የተከበበ ነበር። ቀጥላ የምትገኘው ሱረቱ ቁረይሽ የዚህን ቤት ጌታ ብቻ እንዲያመልኩ ጠየቀቻቸው። እነሱ ግን ከጥፋት የተረፉበትን ቀን ረስተው አማኞችን ከመካ አሳደዱ።

ዛሬ ጎረቤታችን በጎርፍ፣ በእሳት ወይም በበሽታ ሲጎዳ አላህ ቀጣው ለማለት የምንቸኩል አለን። የአብረሃን ቅጣት ያወቅነው በወሕይ ነው፤ ስለ ጎረቤታችን ግን የወረደልን ወሕይ የለም። ለተጎዳው እጃችንን እንዘርጋ፤ የቅጣቱን ታሪክ ለራሳችን እናንብበው። አላህ ከትዕቢትም፣ በሌላው መከራ ከመመጻደቅም ይጠብቀን። አሚን።