ከሮም በፊት የነበሩት ዓመታት፦ አበበ ቢቂላና የልምምድ ማይሎች

የአበበ ቢቂላን ስም ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የለም። ክላስ ውስጥ ከየት እንደመጣን ሲታወቅ ከቡናና ከእንጀራ ቀጥሎ የሚመጣብን ጥያቄ ስለ ሩጫ ነው፤ ወዲያውም ያ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ሰው ይነሳል። የሚነገረው ታሪክ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ማንም የማያውቀው ወታደር በመጨረሻው ሰዓት በሌላ ሰው ምትክ ሮም ሄደ፣ ጫማውን አውልቆ ሮጠ፣ አሸነፈ። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ነገር ግን የልምምዱን ዓመታት በሙሉ ውጦ ያስቀራቸዋል። እኔ በዚህ ሰመር እዚህ ኢንተርፕራይዝ ውስጥ ለከባድ የማራቶን ዕቅድ ስዘጋጅ ስለ አበበ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ የሳበኝ ያ የተዋጠው ክፍል ነው። የምጽፍላችሁም በአብዛኛው ስለዚያው ነው።

ለማያውቁት ዕቅዱ ምን እንደሚመስል ባጭሩ ልንገራችሁ። አሥራ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በመጀመሪያው ሳምንት 54 ማይል ይጠይቃል፤ ከፍተኛው ሳምንት 70 ማይል ይደርሳል፣ ወደ 113 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የሚያስፈራው 70ው ነው። እኔን ያሳሰበኝ 54ቱ ነው፤ ዕቅዱ በሚጀመርበት ቀን ያ ርቀት በእግር ውስጥ ቀድሞ መኖር አለበትና። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ፣ ሰው የሚጎዳውም ትንፋሹ ከእግሩ ቀድሞ ሲሄድ ነው። ስለዚህ ከዕቅዱ በፊት ስም የሌለው ሌላ ሥራ አለ፦ ወሬ እያወሩ ሊሮጥ በሚችል ቀስተኛ ፍጥነት በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ማይል መጨመር፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ ደግሞ ቀነስ አድርጎ ማረፍ። ማንም የማያጨበጭብለት ጊዜ ነው።

የአበበም ሕይወት አብዛኛው እንዲህ ባለ ጊዜ የተሞላ ነበር።

የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ መንዲዳ አጠገብ ባለች ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ነው። በፈረንጆቹ ኦገስት 7፣ 1932 ይውላል፤ በዚያው ቀን ሎስ አንጀለስ ውስጥ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። እኛ ካለንበት በመኪና አራት ሰዓት ያህል የሚርቅ ከተማ ነውና ይህን ሳነብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም። ልጅነቱ እንደ ማንኛውም የደጋ እረኛ ነበር፤ ከብት መጠበቅ፣ ሲደርስም ገና መጫወት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቤተሰቡ ከቀዬው ተፈናቅሎ ነበር። ያቺ አገሩን የወረረች አገር ዋና ከተማ የእርሱ ስም የሚጠራባት ቦታ እንደምትሆን በዚያን ጊዜ ማን ይገምት?

ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲስ አበባ ገባና በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በየቀኑ ይሮጥ እንደነበር ይነገራል። እስቲ ይህን እናስበው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ይላል፣ በመሃል የእንጦጦ ሰንሰለት አለ። በሳምንት አምስት ቀን ብቻ ቢሮጥ እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ነው። እኔ በአሥራ ስምንት ሳምንት ዕቅድ ልደርስበት የምጥረው ርቀት ለእርሱ የዘወትር መንገዱ ነበር ማለት ነው፤ ያውም አሠልጣኝ ሳያገኝ፣ ጊዜውን የሚመዘግብለት ሰው ሳይኖር።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ የተካፈለችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። የአገራቸው ስም የተጻፈበት ልብስ የለበሱትን ስፖርተኞች በሰልፍ ባየ ጊዜ እርሱም ያንን ልብስ ለመልበስ እንደተመኘ ይነገራል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው 24 ነበር። በእኛ ዘመን በዚህ ዕድሜ ታዋቂ ያልሆነ ሯጭ ዘግይቷል ይባላል።

ከዚያ ኦኒ ኒስካነን መጣ። በፊንላንድ ተወልዶ በስዊድን ያደገ ሰው ነው፤ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1946 ሲሆን ክቡር ዘበኞችን ያሠለጥን ነበር። ኒስካነን የጨመረው ነገር ቀላል አይደለም፦ በረዥሙ ሩጫ ላይ አጫጭር ፈጣን ድግግሞሾችን፣ ዳገትን፣ ዕረፍትን፣ የሰዓት መዝገብን። እኔ ግን ልብ ያልኩት ቅደም ተከተሉን ነው። ኒስካነን አበበን ሲያገኘው የዓመታት ኪሎ ሜትር በእግሩ ውስጥ ተከማችቶ ነበር፤ ፈጣኑ ሥራ የተጫነው በዚያ ላይ ነው። መሠረቱ ባይኖር ኖሮ ያ ሥልጠና ሰውየውን በሰበረው ነበር።

አሁን ወደ ሮም እንምጣ። አንጋፋው ዋሚ ቢራቱ መሄድ ሳይችል ቀርቶ አበበ እንደተተካ ብዙ ጊዜ ይወራል። ይህ ሲነገር የሚረሳው ግን ከጉዞው በፊት በዚያው ዓመት አበበ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ማራቶን ማሸነፉ ነው። በሁለተኛው የሮጠው 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ እንደነበር ተመዝግቧል። ታላቁ ኤሚል ዛቶፔክ እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ያስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን 2:23:03 ነበር፤ ያውም በባሕር ጠለል ደረጃ። አበበ ያንን ሰዓት አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ አሻሽሎ ነው አውሮፕላን ላይ የወጣው። ዓለም አያውቀውም ነበር እንጂ ኒስካነን ምን ይዞ እንደሄደ በደንብ ያውቅ ነበር።

ስለ ጫማው ብዙ ስለተባለ በአጭሩ ልለፈው። እዚያ የተገኙት ጫማዎች እግሩን አልተስማሙትም፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ የለመደው ነገር ነበርና ለውድድሩ ቀን አዲስ ነገር ከመሞከር የኖረበትን መረጠ። ጓደኞቼ አንተስ መቼ ነው ጫማህን የምትጥለው እያሉ ይቀልዱብኛል። በሐምሌ የኢንተርፕራይዝን አስፋልት በእጃቸው ነክተው ያውቁ እንደሆነ እንጃ።

ውድድሩ የተካሄደው ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ እንዲያልቅ ተደርጎ ነው። ቀኑ ጳጉሜ 5፣ 1952 ዓ.ም. ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። በአገር ቤት ችቦ በሚበራበት ምሽት እዚያ በጥንቱ የአፒያ ጎዳና ላይ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም እንዲጠነቀቅ ተነግሮት ስለነበር በመንገዱ ሁሉ የተነገረውን የደረት ቁጥር ሲፈልግ እንደቆየ ይባላል፤ ራዲ ግን ሌላ ቁጥር ለብሶ ከጎኑ ይሮጥ ነበር። አበበና ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያዩ የአክሱም ሐውልት ወደ ፍጻሜው አቅራቢያ መቆሙን ልብ ብለው ነበር፤ በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ተጭኖ የተወሰደው ሐውልት። ፍጥነት የሚጨመርበት ቦታ ያ እንዲሆን መርጠው ነበር ይባላል። አበበ በመጨረሻዎቹ መቶዎች ሜትሮች ራዲን ጥሎ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር 2:15:16 ገባ። የዓለም ምርጥ ሰዓት ሲሆን የሶቪየቱን ሰርጌይ ፖፖቭን ያሻሻለው አንድ ሰከንድ በማይሞላ ልዩነት ነው። ሌላው ኢትዮጵያዊ አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ወጣ። ስለ እርሱ የሚያወራ ሰው ማጣቴ ያሳዝነኛል፤ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሥልጠና ወጥተው እንዲህ ሲሮጡ ነገሩ ተአምር ሳይሆን ዝግጅት መሆኑን የሚያሳየው እርሱ ነውና።

እኔም ሙቀቱን የምሸሸው በሰዓት ነው። እዚህ በሰመር ቀን ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መውጣቱ የተለመደ ስለሆነ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምወጣው። እናቴ ከሌሊት ሥራዋ ስትመለስ አንዳንዴ በር ላይ እንተላለፋለን። በብሉ ዳይመንድ ጎዳና አድርጌ ወደ ማውንቴንስ ኤጅ ስዞር መንገዱ ቀስ እያለ ወደ ምዕራብ ይነሳል፤ ፀሐይ ከኋላዬ ስትወጣ ከፊቴ የቀይ አለቱ ተራሮች ይቀላሉ። ከፍታው 750 ሜትር አካባቢ ነው፤ የሱሉልታን አየር አይሰጠኝም። ሙቀቱ ግን ያስተምራል፤ በሐምሌ በሰዓት ማሳደድ አይቻልም፣ ልብ በፈቀደው ፍጥነት ብቻ ነው የሚሮጠው። መሠረት ለመጣል ደግሞ የሚያስፈልገው እሱው ነው።

ከሮም በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ ማር አልነበረም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ አዛዦች መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ አበበ የዚያው ክፍል ወታደር ቢሆንም ከሤራው የለበትም ተብሎ ተረፈ። በቀጣዩ ዓመት አቴንስን፣ ኦሳካንና ኮሺሴን አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1963 ቦስተን ላይ ግን አምስተኛ ወጣ። ከማሞ ወልዴ ጋር በኃይለኛ ፍጥነት ሲመራ ቆይቶ በዳገቶቹ ላይ ተያዘ። ጨርሷቸው ካላሸነፈባቸው ማራቶኖች የሚጠቀሰው ይህ አንዱ ነው።

ቶኪዮን በሚመለከት ከሁሉ የምወደው ክፍል ከውድድሩ በፊት ያለው ነው። ሊሄድ አምስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ትርፍ አንጀት ያዘውና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ማንም የማራቶን ዕቅድ የሚከተል ሰው እነዚያ ሳምንታት ምን እንደሆኑ ያውቃል፤ ረዣዥሞቹና ከባዶቹ ልምምዶች የሚሠሩባቸው ናቸው። እርሱ አልጋ ላይ ነበር፤ ከዚያም በሆስፒታሉ ግቢ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሆኖም ጥቅምት 11፣ 1957 ዓ.ም. በጫማና በነጭ ካልሲ ሮጦ፣ ከግማሹ በፊት ወደ ፊት ወጥቶ፣ 2:12:11 በሆነ አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት ገባ። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው። አበበ እስከዚያ ድረስ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በኦሎምፒክ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እንደ እኔ አስተያየት ከሮም ይልቅ ስለ ሰውየው የሚናገረው ይህ ነው፤ አምስት ሳምንት ተወስዶበት የአሥር ዓመቱ አልተወሰደበትም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ ነገሩ ተገላበጠ። ከፍታው እንደ አገሩ ነበር፣ ልምዱም ነበረው፤ እግሩ ግን ተጎድቶ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ አቋረጠ። በአጥንት ጉዳት ላይ መሠረትም ጀግንነትም አይረዳም። ከማቋረጡ በፊት ድሉን ለማሞ አደራ እንዳለው ይተረካል፤ ማሞ ወልዴም በ2:20:26 አሸነፈ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ቀላል ደንብ ነው፤ አጥንት ላይ በጣት ሊጠቆም የሚችል ሕመም ሲሰማ ዕቅዱ ምንም ይበል ምን ያን ቀን አይሮጥም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ መጋቢት 13፣ 1961 ዓ.ም. ማታ፣ ከቶኪዮ በኋላ ከጃንሆይ የተሸለማትን ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ ሸኖ አካባቢ መኪናዋ ተገለበጠች። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታከመ፤ እግሮቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልሄዱም። ከ36 ዓመቱ ጀምሮ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ። እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በ1970 በቀስት ውድድር ተካፈለ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ሸርተቴ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። የጃቶ እረኛ፣ በበረዶ ላይ! በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሲገባ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት።

ሻምበል አበበ ቢቂላ ጥቅምት 15፣ 1966 ዓ.ም. በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት አረፈ፤ 41 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱን የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስንና አራት ልጆቹን ትቶ ነው የሄደው። ሥርዓተ ቀብሩ በአዲስ አበባ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲፈጸም ጃንሆይም በአሥር ሺህ የሚቆጠረው ሕዝብም ተገኝተው ነበር። ሐውልቱ ከሮም ወደ አክሱም የተመለሰው ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።